ጉርድ ፎቶ የተነሣው ተራራ

በዘመነ ስንጥቅ ስልክ፣ ማለትም የስልኳ መስታወት ደረጃ ላይ ወድቆ የሸረሪት ድር በሠራ በሁለተኛው ዓመት፣ የጥርሷ ሽቦ በታሰረ በመንፈቁ፣ የሒሳብ ፈተና ውጤቷ ከቤተ ሰቡ ዓይን በተሰወረ በሳምንቱ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ፀሐይ በሰማይ እርሷም በአልጋዋ እስከ ረፋድ ተንሠራፍተው ሳሉ፣ ዓይነ ንስር ዘመነጽር፣ መብረቀ ፍላሽ፣ ሞገሰ ሌንስ፣ እንተ ኢትርዕድ እዴሃ (ትርጓሜው እጇ የማይንቀጠቀጥ ማለት ነው፤ ይንቀጠቀጣል ግን፣ ኧረ በጣም ነው የሚንቀጠቀጠው!)፣ የጦር ስሟም «እማ ብዥታ» የተባለች፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት የበኩር ልጅ፣ ከእንቅልፏ ተነሥታ ዓለምን ታስደንቅ ዘንድ ቆረጠች። ዓለምም አልሰማም፤ የራሱ ሥራ ነበረበት።

አባቷ ማን ነው ቢሉ፣ ንጉሠ ጉርድ ነው። የመንጃ ፈቃድ ቢሆን፣ የትምህርት ቤት መታወቂያ ቢሆን፣ ፓስፖርት ቢሆን፣ በዚያ ሰፈር ፊት ያለው ሰው ሁሉ በእርሱ ሌንስ ፊት ያላለፈ የለም። ማበጠሪያው ከደረት ኪሱ አይለይም፤ የገባውን ሁሉ ያበጥራል፣ ራሰ በራውን እንኳ ለክብሩ ሲል ዳር ዳሩን ይነካካዋል። ሕጉም ጥንታዊና የማይሻር ነበር፤ መሃል ተቀመጥ፣ ፊት ለፊት እይ፣ ጥላ አይኑርብህ፣ ሁለቱም ጆሮህ ይታይ፣ ጀርባህ ነጭ ይሁን። ይህ ሕግ ከፎቶ ቤቱ ወጥቶ ሳሎን ገብቶ ነበር። በቤተ ሰቡ አልበም ውስጥ የልደት ኬክ እንኳ ልክ መሃል ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት እያየ፣ ወንጀል የሠራ ይመስል ቀጥ ብሎ ይታያል። ድመቷም ሁለት ጆሮዋን አሳይታ ነው የተነሣችው። ጀግናችን በእንዲህ ያለ ቤት አድጋ፣ በእንዲህ ያለ ወተት ጠጥታ፣ እንግዲህ ምን ትሁን?

የገድሉም መነሻ እንዲህ ሆነ። በፎቶ ቤቱ ውስጥ ጉርድ ላልፈለገ፣ ሙሉ ቁመት ለፈለገ፣ ለሙሽራና ለተመራቂ የሚሆን አንድ የጀርባ ሸራ ተሰቅሎ ይኖር ነበር፤ ፏፏቴ ያለበት፣ ድልድይ ያለበት፣ ሠዓሊው ዳክዬ ብሎ የሣላት፣ አባቷ ዝይ የሚላት፣ ደንበኛው ግን በአንድ ድምፅ ማንቆርቆሪያ የሚላት ፍጥረትም ያለችበት። ሰኞ ዕለት አንዲት እናት መንትዮቿን ይዛ መጣች። አንደኛው መንታ ያቺን ማንቆርቆሪያ ሊይዛት ዘለለ። ሸራውም ዕድሜው ገፍቶ ነበርና፣ ከፏፏቴው አናት እስከ ድልድዩ እግር ድረስ ጨርርር ብሎ ተቀደደ፤ ልጁም በተራራ ውስጥ አልፎ ግድግዳውን ሳመ።

ወእምዝ፣ ከዚያ በኋላ ማለት ነው፣ ንጉሠ ጉርድ ሸራውን ጠቅልሎ፣ ትንሽ አዝኖ፣ በምሳ ሰዓት በቤተ ሰቡ ፊት አዋጅ አወጀ፤

«ስሙ! ሸራ የሚሸጥልን ባለ ሸራው ዘንባባ ያለበት አለው። ባሕር አለው፣ ሮዝ ሰማይ አለው፣ ዝግጁ ነው። ቅዳሜ ይታዘዛል። አለቀ።»

ያ ዘንባባ! ወይኔ፣ ያ ዘንባባ! በዚያ መንገድ ላይ ያለ ፎቶ ቤት ሁሉ ያንኑ ዘንባባ ነው የሰቀለው። የሰፈሩ ሰው ግማሹ እግሩ ባልረገጠው አሸዋ ላይ፣ በአንድ ዛፍ ሥር፣ በአንድ ሮዝ ሰማይ ታች ተነሥቷል፤ አልበሞቹን ቢደረድሯቸው ሁሉም አብረው ሽርሽር የሄዱ ይመስላሉ። እማ ብዥታ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ፣ ሹካዋ ወደቀ፣ አፏም ከአእምሮዋ ቀድሞ እንዲህ ብሎ አወጀ፤

«እኔ አነሳዋለሁ! እውነተኛ! የኛን ተራራ፣ ከጀርባ ያለውን! እሱ እያለ ዘንባባ ምን ያደርግልናል?»

እርሷም ራሷ ደነገጠች። ምክንያቱም ጀግናችን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከቤት ውጭ ያነሳችው ብቸኛ ፎቶ የራሷ ጣት ነበር፤ እርሱም ሳታውቅ።

አባቷም ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ጢሙን ጠርጎ፣ ቃሉን ሰጠ፤

«እሺ። ባለ ሸራው ቅዳሜ ማታ ትዕዛዝ ይዘጋል፤ እስከዚያ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። ለሰው ጀርባ የሚሆን ፎቶ ካመጣሽ ግድግዳው ያንቺ ነው። ካላመጣሽ ዘንባባው ይገባል፤ ትልቁም ካሜራ መሳቢያ ይገባል፣ ትምህርትሽን እስክትጨርሺ ጣትሽ አይነካውም። አፍ ብቻ እንዳይሆን፣ የኔ ልጅ።»

ይህ የመጨረሻው ቃል ልቧ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። ያ ትልቁ ካሜራ፣ ማሰሪያው የተላጠው፣ ቁልፉ ሲጫን ቀጭ! የሚለው፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት ከአልጋ የሚያስነሣት ብቸኛው ነገር ነበር። የቀረውን ሁሉ፣ ሒሳቡንም ስፖርቱንም መዝሙሩንም፣ ጀምራ ትታዋለች። ይህን ግን አልተወችውም፤ ወደፊትም እንዳትተወው ፈርታለች፣ እንዳይነጥቋትም ፈርታለች። ፍርሃቷን ግን ለማንም አልነገረችም። ለሬዲዮ ብቻ ነገረች። ለሬዲዮ ነገረች ማለት ደግሞ ለአገሩ ሁሉ ነገረች ማለት ነው።

ሬዲዮ ማን ናት ቢሉ፣ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ባትሪ የማትጨርስ፣ ማጥፊያ የሌላት። እስከ ማታ ድረስ ክፍሉ ሁሉ፣ የላይኛውም ክፍል፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ሰምቶ አዋጁ ተመልሶ ወደ እማ ብዥታ ስልክ መጣ፤ «ተራራ ልታነሺ ነው አሉ፤ ቀስ ብለሽ አንሺው፣ ወገብሽን እንዳትጎጂ።» እንግዲህ መመለሻ የለም። ድልድዩ ተቃጠለ፤ ያቃጠለችውም እርሷው ራሷ ናት።

በማግሥቱ ማክሰኞ፣ ቀትር ላይ፣ የመጀመሪያው ዘመቻ ወጣ። ለምን ቀትር? ሕጉ ጥላ አይኑር ይላላ! ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ጥላ የለም፤ ጀግናችን ይህን ያህል አስተዋይ ናት። ሠራዊቱም እንዲህ ተሰለፈ፤ በቀኝ ክንፍ ሬዲዮ፣ ጃንጥላና የተጠበሰ በቆሎ ታጥቃ፤ በግራ ክንፍ የጎረቤት ውሻ፣ ያልተጠራ፣ ያልተመዘገበ፣ በቆሎው ያመጣው፤ በደጀን ደግሞ እናቷ፣ ሊቀ መቀስ፣ ጉርዱን ሁሉ በመቁረጫ እየቆረጠች አራት አራት አድርጋ ፖስታ የምትከት፣ ያን ዕለት መሰላል ያዥ ሆና የተሾመች። እማ ብዥታም ካሜራውን በአንገቷ አጥልቃ፣ ወደ ጣሪያው ወጣች፤ በቆርቆሮው ላይ በአራት እግሯ ሄደች፤ ቆርቆሮውም እንደ ምጣድ ግሎ ነበርና በአራት እግሯ ዘለለች። ከታችም የደጀኑ አዋጅ ተሰማ፤

«መሰላሉን ይዤልሻለሁ፤ ተራራው አይሸሽም፣ ቀስ በይ! ወድቀሽ ከተረፍሽ ደግሞ እኔው ነኝ የምገድልሽ!»

አነሳችው። ተራራውን ልክ መሃል አስቀመጠችው፣ ፊት ለፊት አየችው፤ ጆሮ የለውም እንጂ ቢኖረው ሁለቱንም ታሳየው ነበር። ሰማዩንም ብርሃን እየጨመረች፣ እየጨመረች፣ እንደ ግድግዳ አነጣችው፤ ጀርባ ነጭ ይሁን ተብሏልና። ስትወርድ ጉልበቷ ተልጦ ነበር፤ ፊቷ ግን እንደ ድል አድራጊ ያበራ ነበር። ላብ ነው በእርግጥ።

ያን ፎቶ ቆራርጠው በወረቀት አተሙት፤ ወረቀቱን በማጣበቂያ ቀጣጥለው ግድግዳው ላይ፣ ሸራው በነበረበት ቦታ፣ ለጠፉት። ለፈተናም ሬዲዮን በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ወዮ! ምን ልበላችሁ! ያ የተከበረ ተራራ፣ ስንት ዘመን ሰፈሩን ቁልቁል ሲያይ የኖረው፣ መታወቂያ ሊያወጣ የመጣ ገበሬ መስሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ፈርቶ፣ አፉን ገጥሞ ቆሟል። ጫፉም ከሬዲዮ አናት ላይ በቅሎ እንደ ዘይት ማውረጃ ተገልብጦ ተደፍቶባታል። መልኩስ? መልክ የለውም! ጥላ የለ፣ ብርሃን የለ፤ ተራራውም፣ ሜዳውም፣ ቤቱም አንድ ዓይነት አመድ ሆኖ፣ ሃያ ጊዜ የታጠበ ካልሲ ይመስላል። ሰማዩ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኖ ጠፍቷል፤ ወረቀቱ የት እንዳለቀ እንኳ አይታወቅም።

እናቷ ሳቋን በመዳፏ አፍና አወጀች፤ «ሬዲዮዬ፣ ዛሬ አንቴናሽን አወጣሽ።»

ሬዲዮም በርጩማው ላይ ሆና፣ ባላየችው ነገር ስለተሳቀባት ተቆጥታ፣ ዞራ አየችውና ከሁሉም በላይ ሳቀች። ንጉሠ ጉርድ ግን አልሳቀም። ተራራውን አየ፣ አየ፣ «መሃል ነው፤ ጥሩ ነው» አለ፤ ቀጥሎ ሬዲዮን አየ፤ ቀጥሎ በሩን ከፍቶ ወጣ። ይህ አወጣጥ ከስድብ ይከፋል። ሕጉን አንድም ሳትስት ጠብቃ፣ ሕጉን ጠብቃ ነው የተዋረደችው! እንዲህ ያለ ነገር በታሪክ ታይቷል ወይ?

ሁለተኛው ዘመቻ በኮምፒውተር ሆነ፤ አጭርም ነው፣ ባይነገርም ይሻላል፤ ታሪክ ግን አይዋሽም። ለጀግናችን ፎቶው የጎደለው የጨለማና የብርሃን ልዩነት መሆኑ ገባት። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ ልዩነቱን የሚጨምረውን ተንሸራታች ምልክት ይዛ ወደ ቀኝ ሳበችው። ጥሩ ሆነ። ጥሩ ከሆነማ ብላ እስከ መጨረሻው ሳበችው። ወእምዝ ጨለማ በምድር ላይ ወረደ፤ ተራራው ከሰል ሆነ፣ ሣሩ መርዝ የጠጣ አረንጓዴ ሆነ፣ ከታች ያለው የጎረቤት ልብስ ማድረቂያ ላይ የተሰጣ አንሶላ ዓይን እስኪያጠፋ አበራ። እናም ከሩቅ የሚያየው ሰው ተራራ ሳይሆን መጀመሪያ የሚያየው አንሶላውን ነው፤ በዓለም መጨረሻ ቀን የተሰጣ አንድ አንሶላ። ጉርድ ለመቀበል የመጣ አንድ ሹፌርም ወደ ኮምፒውተሩ ቀና ብሎ አይቶ «እሳት ተነሥቶ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፤ ከልቡ አዝኖ። እማ ብዥታም መጋረጃው ኋላ ገብታ፣ የመብራት ጃንጥላውን ፊቷ ላይ ደፍታ፣ ትንሽ አለቀሰች። ትንሽ ነው የተባለው ለታሪኩ ክብር ነው።

አልቅሳ ስትጨርስ ከእግሯ ሥር አንድ ካርቶን አየች። እናቷ ለጉርድ መለኪያ የምትጠቀምበት፣ መሃሉ በፎቶ ልክ የተቀደደ ካርቶን ነው። አንሥታ አንድ ዓይኗን ጨፍና በቀዳዳው አየች። መጋረጃውን አየች፣ በሩን አየች፣ በበሩም ውጭ መንገዱን አየች። ካርቶኑን ወደ ግራ ስታደርገው የስልክ እንጨቱ ይወጣል፤ ወደ ቀኝ ስታደርገው ይገባል። ዝቅ ስታደርገው መሬቱ ይሰፋል፤ ከፍ ስታደርገው ሰማዩ ብቻ ይቀራል። ኧረ በስማም! ዓለም እኮ ይቆረጣል! የት ቢቆረጥ እንደሚያምር ደግሞ የሚወስነው ቆራጩ ነው! ይህን ካወቀች በኋላ ማን ያቁማት? ካርቶኑን ዓይኗ ላይ ለጥፋ ወደ መንገድ ወጣች።

ረቡዕንና ሐሙስን ሙሉ በዚያ ቀዳዳ ኖረች። በተጨማሪም ዓይኗን ግማሽ ጨፍና ማየት ጀመረች፤ እንደዚያ ሲታይ ዝርዝሩ ሁሉ ይጠፋና ብርሃኑና ጨለማው ብቻ ይቀራል፣ የቱ እንደሚጎላ፣ የቱ እንደሚሰምጥ በግልጽ ይታያል። ይህ ለጥበቧ ትልቅ ነገር ነው፤ ለክብሯ ግን አልነበረም። አንድ ዓይኗን በካርቶን ሸፍና ሌላውን አጨንቁራ ስትሄድ ከቆመ ጋሪ ጋር ተላተመች፣ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተሳሳመች፣ ይቅርታም ጠየቀችው። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ መንገዱን ሁሉ እያሰማ አወጀ፤

«የኔ ልጅ፣ ለአባትሽ ንገሪው፤ ዓይንሽ ታሟል! በጊዜ ከታከመ ይድናል!»

ሬዲዮም ከኋላ ሆና መለሰችለት፤ «አልታመመችም ጋሼ፣ አርቲስት ሆና ነው!» እርሱም «እሱማ አይድንም» አለ።

ግን አየች። ተራራው ጠዋትና ማታ ሌላ ተራራ መሆኑን አየች፤ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ሸንተረሩ ይነሣል፣ ሸለቆው ይሰምጣል፣ ያ አመድ ካልሲ አጥንትና ጉንጭ ያወጣል። ከሰፈሩ ወጥቶ ወደ ሜዳው ሲኬድ የመብራት ሽቦውም አንሶላውም ጣሪያውም እንደሚቀሩ አየች። ከሁሉም በላይ ግን፣ ተራራው ከመሃል ወደ ቀኝ ፈቀቅ ሲል፣ ግራው ባዶ ሲሆን፣ ባዶው የሰው ቦታ መሆኑን አየች። ጀርባ እኮ ነው! የሚቀመጥ ሰው አለ! ይህን ስታስብ መንገድ ላይ ጮኸች። ሰውም ዞሮ አያት። ለምዷታል።

ዓርብ ከሰዓት ሦስተኛውና ታላቁ ዘመቻ ተነሣ። አዝማቹ አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ነጂ፣ በሳቅ እንጂ በሞተር የማይሄድ ሰው ነው። መኪናው ውስጥ ባዶ የዳቦ ሳጥን፣ የዳቦ ሽታ፣ ሬዲዮ፣ እንዲሁም በሕገ ወጥ መንገድ የገባው ውሻ ነበሩ። ከሰፈሩ ጀርባ ሜዳው ላይ ሲደርሱ አጎቷ መሪውን ተደግፎ ሕጉን አስታወቀ፤

«የማታው ዳቦ ይጠብቀኛል። ፀሐይዋ ከመጣች መጣች፤ ካልመጣች እኔ እሄዳለሁ፣ እናንተ ከተራራው ጋር እደሩ፤ ብርድ ልብስ የለኝም፣ ውሻ ግን አለ።»

ጀግናችን በካርቶኑ አየች፣ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ተንበረከከች። ስትንበረከክ ከፊቷ ያሉት ድንጋዮች ትልቅ ሆኑ፤ በመካከላቸው የሚሄደው የእግር መንገድ ከታች ጀምሮ ጠመዝመዝ እያለ ዓይንን እጁን ይዞ ወደ ተራራው የሚወስድ ሆነ። እዚህ ነው! ቦታው እርጥብ ጭቃ መሆኑን ከተንበረከከች በኋላ ነው ያወቀችው፤ ጀግና ግን ለጭቃ ቦታ አይለቅም፣ ጭቃውም ይዟታል። የዳቦ ሳጥኑን ገልብጣ ካሜራውን እላዩ ላይ አስቀመጠች፤ እጇ የማይንቀጠቀጥ ናትና፣ እንዳይንቀጠቀጥ። ሬዲዮንም ባዶው ቦታ ላይ አቆመቻት፤ የሚቀመጠው ሰው እንዲበቃው ለመለካት። ለካችና «በቃ ውጪ፣ ደግሞ እንዳትናገሪ» ብላ አወጀች፤ ሬዲዮም «ቆይ፣ ንግግር ፎቶ ላይ ይወጣል ወይ?» ብላ ጠየቀች፤ ጠየቀች፤ ደጋግማ ጠየቀች።

ፀሐይዋ ግን ደመና ውስጥ ገባች። ተራራው እንደገና ካልሲ ሆነ። ጠበቁ። የካሜራው ባትሪ ምልክት ቀይ ሆነ። እንዳያልቅባት ታጠፋዋለች፣ ደግሞ ፀሐይ የመጣች መስሏት ታበራዋለች፣ ፀሐይም አልመጣችም፤ ባትሪው ግን ይሄዳል። አጎቷ ሞተሩን አስነሣ። ሬዲዮ፣ ያቺ ሬዲዮ፣ ዝም አለች። ይህ ከሁሉ የሚያስፈራ ምልክት ነበር። እማ ብዥታም በጭቃው ውስጥ እንደተንበረከከች መሳቢያውን አሰበች፤ የመሳቢያውን ቁልፍ፣ የሚዘጋበትን ድምፅ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ጠዋቶች ሁሉ፣ ለምን እንደምትነሣ የማታውቅባቸውን። የሚያሾፍባት ሰው ባይኖር ኖሮ ትጸልይ ነበር፤ ጸለየችም፣ ግን አፏን ሳትከፍት።

ያን ጊዜ ፀሐይዋ ከደመናው ታች ወጣች። አልጮኸችም፣ አላስታወቀችም፤ ከጎን፣ ዝቅ ብላ፣ እንደ ማር ሾልካ መጣች። በመጀመሪያ ድንጋዮቹ ጫፋቸው በራ፤ ቀጥሎ መንገዱ፤ ቀጥሎ የተራራው ቀኝ ጎን ወርቅ ለበሰ፤ ግራ ጎኑ ግን በጥላ ውስጥ ቀረ፣ ሰማያዊ፣ ጥልቅ። እማ ብዥታ ሰማዩ እንዳይነጣ ብርሃኑን ቀነስ አደረገች፤ አድማሱ እንዳያዘነብል ሳጥኑን በድንጋይ ደገፈች፤ ትንፋሿን ያዘች።

ቀጭ!

ካሜራውም በዚያው ጠፋ። ባትሪው የመጨረሻ እስትንፋሱን ለዚያች ፎቶ ሰጠ። ወጥታ ይሆን? ተበላሽታ ይሆን? ማን ያውቃል! እስከ ቤት ድረስ በዳቦ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን በላች፤ ጭቃም አለበት።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፎቶው ታትሞ፣ ወረቀቱ እንደገና ተቀጣጥሎ፣ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እናቷ መቁረጫዋን አስቀመጠች። አጎቷ በሩን ተደግፎ ቆመ። ሬዲዮ የገዛ እጇን ነክሳ ይዛለች። የፀጉር አስተካካዩም የጀመረለትን ሰው ግማሽ ፀጉር ትቶ መጣ። ባለ ሸራውም በስልክ ላይ ነበር፤ ንጉሠ ጉርድ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ «ቆይ፣ አንድ ጊዜ» ብሎት፣ ወደ ግድግዳው ቀረበ። ራቀ። እንደገና ቀረበ። ጣቱን አንሥቶ በተራራው ግራ ጎን ላይ አሳረፈና ፍርዱን ሰጠ፤

«ጥላ አለበት። ግራ ጉንጩ ግማሹ አይታይም። መሃልም አይደለም። እንዲህ ያለ ፎቶ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

የጀግናችን ልብ ወደ ጫማዋ ወረደ። ግን አፏ፣ ያ ከአእምሮዋ የሚቀድመው አፏ፣ ዛሬም ቀደመ፤

«አባዬ፣ ጉንጭ የሰጠውኮ ጥላው ነው! ማክሰኞ ጥላ አልነበረውም፣ ጉንጭም አልነበረውም፣ ሳህን ነበር! ደግሞ ከመሃል ያወጣሁት ለሰው ቦታ ልተው ብዬ ነው። ሰው መጥቶ እዚህ ጋር ሲቀመጥ ተራራው አናቱ ላይ አይወጣበትም፤ አጠገቡ ነው የሚቆምለት። እንደ ዘመድ!»

ካለች በኋላ ድምጿ ተቆረጠ፣ ዓይኗም ሞላ፤ መነጽሯን አውልቃ በሸሚዟ መጥረግ ጀመረች፣ ጭጋግ የያዘው መነጽሩ ይመስል። በፎቶ ቤቱ ውስጥ የተሰማው በስልኩ ውስጥ «ሄሎ? ሄሎ? ዘንባባው ይምጣ?» የሚለው የባለ ሸራው ድምፅ ብቻ ነበር።

ንጉሠ ጉርድ ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት። ማበጠሪያውን ከደረት ኪሱ አወጣ። ሁሉም ማንን ሊያበጥር ነው ብለው ተያዩ። እርሱ ግን ወደ መስታወቱ ዞሮ የገዛ ጸጉሩን አበጠረ፤ ኮሌታውን አቀና። በዚያ ቤት ስንቱን አስቀምጦ ሲያነሣ፣ እርሱ ራሱ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ያየው ሰው አልነበረም። ሄዶ ተቀመጠ፤ ልክ መሃል፣ እንደ ልማዱ፣ እንደ ሕጉ። ዞሮ ወደ ኋላው አየ። ተራራውን አየው።

ከዚያም ተነሣ። በርጩማውን በእጁ ያዘና ወደ ግራ ጎተተው። ትንሽ አስቦ ጨምሮ ጎተተው። ተቀመጠ። ትከሻውን ቀና አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አወጀ፤

«ምን ትጠብቂያለሽ? አንሺ እንጂ።»

እናቷ በስልኩ ላይ «ዘንባባውን ተወው፤ የኛን ተራራ እንልክልሃለን፣ እሱን በሸራ አትምልን» ስትል ተሰማ፤ ድምጿ ግን ደህና አልነበረም። ሬዲዮ ጮኸች። የፀጉር አስተካካዩ አጨበጨበ። ግማሽ ፀጉሩ የቀረው ሰውዬም ከመንገድ ማዶ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ አጨበጨበ። እማ ብዥታም ካሜራውን አነሣች፤ እጆቿ እንደ ቅጠል እየራዱ፣ ዓይኖቿ እያነቡ፣ ቁልፉን ተጫነች። ያቺ ፎቶ እነሆ ወጣች፤ ተራራው የጠራ፣ ጥላው የጠለቀ፣ መንገዱ የሚጠራ፣ አባቷም በግራ በኩል ሆኖ፣ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ፈገግታ አሳይቶ፣ ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፍኖ።

ድገሚው ቢሏት እርሱ ከለከለ። እንዲህም አለ፤ «የኔ ዓይን ቢከደን ተራራው አልተከደነም። መስኮቱ ላይ ይሰቀል።» ተሰቀለም። አላፊ አግዳሚውም ቆሞ እያየ፣ ይህ ሰው ለምን ተኛ ይላል፤ ቀጥሎ ከኋላው ያለውን ያይና ዝም ይላል።

እንግዲህ ክብር ለእማ ብዥታ ይሁን፤ ለጣሪያ ረጋጯ፣ ለምሰሶ ሳሚዋ፣ ለጭቃ ምርኮኛዋ፤ ተራራን አንድ ጊዜ ካልሲ፣ አንድ ጊዜ ከሰል፣ በሦስተኛው ግን ተራራ ላደረገችው፤ በድል ሰዓት ስታለቅስ አድማሱን ትንሽ ያዘነበለችው፣ ማንም ግን ያልነገራት! ስሟ በካሜራው ማሰሪያ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ ተጽፏልም። ተራራ ያነሱ ብዙ ናቸው፣ ወደፊትም ያነሱታል፤ አባቷን ከመሃል ፈቀቅ ያደረገች ግን እርሷ ብቻ ናት።